ቆላ ወርዶ መጦር፦ ከለቡ ጣቢያ እስከ ድሬዳዋ

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ወሬው ሁሉ ስለ ኮንቴይነር፣ ስለ ወደብና ስለ ውጭ ምንዛሪ ነበር። መንገደኛ ጭኖ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ባቡር ግን የሚነሳው ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጠርዝ፣ ከፉሪ-ለቡ ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ተደርድረዋል፤ ወደ መሀል ከተማ ሲመጡ ለቡ፣ ላፍቶ፣ መካኒሳ፣ ጎፋ፣ ሳርቤት ይከተላሉ። በእነዚህ ሰፈሮች ስልሳ ዓመት የደፈኑ ወይም ሊደፍኑ የተቃረቡ መምህራን፣ ነርሶች፣ የባንክና የቴሌ ሠራተኞች ሞልተዋል። ሲገናኙ ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ «የት እንውረድ?» የሚለው ሆኗል። ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ ይጠራሉ፤ ደፈር ያለው ድሬዳዋ ይላል። ሐኪሙ «ዝቅ ያለ ቦታ ይስማማዎታል» ብሏል፤ ልጆች ባሕር ማዶ ናቸው ወይም የራሳቸውን ጎጆ ወጥተዋል፤ ኑሮው ተወድዷል። በዚህ ሁሉ ላይ ብርዱ አለ።

ውሳኔው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ብርድንና ሙቀትን በማነጻጸር ብቻ ነው፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሞቃት አገር ለሽማግሌና ለባልቴት የሚመቸው ከተማው ራሱ ከሙቀት ጋር መኖርን የለመደ ሲሆን፣ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ሲሆን፣ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ሲኖር ነው። ዲግሪው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታይ ነገር ነው። ይህ ተገልብጦ ሲታሰብ፣ ዕድሜ ልክ የተቆጠበው ጥሪት አንድ ግንቦት ላይ አልቆ ሰው ወደማይችለው ደረጃ ሊመለስ ይችላል።

ደረጃ ያልኩት በምክንያት ነው። የጀሞ ሕንጻዎች አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ያኔ በአርባዎቹ ዕድሜ ነበሩ፤ አራተኛ ፎቅ መውጣት ለእነሱ ጨዋታ ነበር። ዛሬ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ላይኛው ፎቅ ድረስ የመድረስ አቅም ያጥረዋል፤ ስለዚህ ጀሪካን ከታች ይወጣል። ገበያ ወርደው የተመለሱ እናት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። «የአዲስ አበባ አየር አልስማማኝ አለ» ሲባል በውስጡ ስንት እጁ አየሩ፣ ስንት እጁ ደረጃው እንደሆነ ለይቶ መናገር ይከብዳል። አንድ ሰው በሳምንት አንዴ ብቻ ከቤት የሚወጣ ከሆነ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ስኳሩ ይበላሻል፤ ብርድ ባይኖርም እንኳ።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። የጡረታ ሕጉ ለመንግሥትና ለግል ድርጅት ሠራተኞች ያስቀመጠው ስሌት ግልጽ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ ጣሪያው 70 በመቶ። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው ይዞ የሚወጣው ከአማካይ ደመወዙ 55 በመቶውን ነው ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል፤ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ዋጋም አብሮ ወጥቷል። የጡረታ አበል ደግሞ እንደ ነጋዴ ዋጋ በየሳምንቱ አይስተካከልም። ለጡረተኛው የቀረው አንድ ካርታ ቤቱ ነው። የጀሞን ኮንዶሚኒየም አከራይቶ፣ በኪራዩ ዝቅ ያለ ከተማ ግቢ ያለው ቤት ተከራይቶ፣ በልዩነቱ መድኃኒቱን መግዛት። ስለዚህ «መውረድ» የሚባለው ነገር ከአየር ጠባይ ምርጫነቱ ይልቅ የኑሮ ስልትነቱ ይበልጣል። ይህን በግልጽ ማየት ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ለኪራይ ልዩነት ብሎ የወረደውን ለጤና ብሎ የወረደ ሲመስለው የሚመርጠው ከተማ ይሳሳታል።

የሐኪሙ ምክርስ? እውነት አለው፤ የሚሠራው ግን ለሁሉም አይደለም። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ግፊቱ ወደ 81 በመቶ ይደርሳል። 1,200 ሜትር ላይ ባለችው ድሬዳዋ 87 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጤነኛ ሳንባ ላለው ደገኛ ይህ ልዩነት እምብዛም አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በአማራ ክልል 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ የሂሞግሎቢናቸውም የደም ኦክስጅናቸውም መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። ሰውነታችን ከፍታውን ያውቀዋል። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለበት፣ የልቡ አቅም ለደከመ፣ በእንጨት ጭስ ዕድሜዋን ሙሉ ለተጎዳች እናት ግን ከ75 ወደ 87 በመቶ መሄድ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሊት ተቀምጦ ማደርና ተኝቶ ማደር ሊለያይበት ይችላል።

የደም ግፊት ነገር ግማሽ በግማሽ ነው። ብርድ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ሙቀት ያሰፋል፤ ግፊቱም በዚያው ይወጣል ይወርዳል። ይህ ጥሩ ይመስላል፤ አዲስ አበባ ላይ የታዘዘው የክኒን መጠን ቆላ ላይ ሊበዛ እንደሚችል የሚያስታውስ ሰው ሲጠፋ ግን አደጋ ይሆናል። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ራስ አዙሮ መውደቅ፣ የዳሌ አጥንት መሰበር የሚመጣው በዚህ ነው። የቁርጥማቱ ተስፋ ደግሞ ከሁሉም ደካማው ነው። ሙቀት ሕመሙን ያለዝባል፤ የሶደሬ ፍል ውኃ ያስታግሳል፣ ይህን ማንም አይክድም። ያረጀ የጉልበት መገጣጠሚያን ግን አየር አይጠግነውም። ጉልበቱን ያዳነው የሚመስለው ብዙ ጊዜ ግቢ ባለው ቤት፣ ደረጃ ሳይወጡ፣ በየቀኑ መራመድ መቻሉ ነው።

እንግዲህ ከተሞቹን እንያቸው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ብዙ አትወርድም፤ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፤ ልጅ ጠዋት መጥቶ ማታ ይመለሳል። አዳማ የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ የአዲስ አበባ ጎረቤት ሆናለች፤ ሐዋሳም ሐይቋና ሆስፒታሎቿ አሏት። እነዚህን ለመረጠ ሰው ብዙ የምለው የለኝም፤ የሚሄዱት ወደ ወይና ደጋ ነው፣ ከባዱ ጥያቄም እዚያ አይነሳም።

ጥያቄው የሚከብደው ከአዳማ ወዲያ ነው። ስምጥ ሸለቆው መሬት ሥር የእሳተ ገሞራ አለት አለ፤ ከርሰ ምድር ውኃውም ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ከዚያ በላይ የያዙ ጉድጓዶች ሲጠኑ ቆይተዋል፣ በስኳር ልማቱ ሠራተኞች ላይም አጥንትን የሚያደነድን ሕመም ከዐሥርት ዓመታት በፊት ተመዝግቧል። እዚያ ቤት የሚፈልግ ሰው ውኃው ከየት እንደሚመጣና ተመርምሮ እንደሆነ ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከሦስት ገደማ ካሬ ኪሎ ሜትር ተነስቶ ከ40 በላይ ደርሷል፤ መንገዱንና የድሮውን ሐዲድ እስከ መግፋት ሄዷል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ስትንቀጠቀጥ ወራት አለፉ፤ በየካቲት ላይ መጠኑ 6.0 የደረሰው ተመዘገበ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአዋሽ ፈንታሌና ከአጎራባች ወረዳዎች ተነስተው ወደ መጠለያ ሄዱ። ንዝረቱ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰምቷል። አዋሽ ሰባት ኪሎ መልካም ከተማ ናት፤ ለጡረተኛ ግን አልመክራትም። ከዚያ ወዲያ ወርዶ ሰመራ ላይ የእውነተኛው በረሃ ሙቀት አለ፤ ከ500 ሜትር በታች፣ በሞቃቶቹ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ። የአፋር ሽማግሌ ያንን ሙቀት የሚኖርበት ጥበብ አለው፤ ከደጋ በስልሳ ዓመቱ የወረደ ሰው ያን ጥበብ በአንድ ዓመት አይማረውም።

ድሬዳዋ ቀረች ማለት ነው፤ እኔ በኢትዮጵያ ሞቃት ከተሞች መካከል ከሁሉ አስቀድሜ የማስባትም እሷን ነው። ከተማዋ ራሷ የሙቀትና የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ሐረር መውጣት ስላቃተው ከተራራው ሥር ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ደረሰ፤ ጣቢያው በተተከለበት ቦታ ከተማ በቀለ። ከዚራ የተባለው ሰፈር በቀጥተኛ ጎዳናዎችና በዛፍ ጥላ የተሠራው ለሙቀት ታስቦ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላም ጠባብ መንገዶቹ ጥላ ይሰጣሉ። የከተማዋ ቀን ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ቀን አይሄድም። ገበያው በማለዳ ይደራል፤ ከቀትር በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ያርፋል፤ አመሻሹ ላይ ሁሉም ይወጣል፣ በረንዳው ላይ ወሬው እስከ ሌሊት ይዘልቃል። ይህ የመቶ ዓመት ልማድ ለአዛውንት ከየትኛውም ማሽን የበለጠ ጥበቃ ነው። በቀትር ፀሐይ ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ መሮጥ ነውር የሆነበት ከተማ ሽማግሌ ያሳርፋል።

የድሬዳዋ ሌላው ጸጋ ደጇ ላይ ደጋ መኖሩ ነው። በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ ሐሮማያን አልፎ ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔ ሲብስ፣ የቀን ሙቀቱ 35 ዲግሪ ደጋግሞ ሲነካ፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሐረር ያለው ሰው ሁለት ሳምንት ወጥቶ ይመለሳል። ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልና ሳቢያን ሆስፒታል ከተማው ውስጥ ናቸው፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ባጃጅ ከበር እስከ በር ያደርሳል። ወደ አዲስ አበባ መመለስ ሲያስፈልግ አውሮፕላንም ባቡርም አለ፤ በመኪና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የመንገዱን ደኅንነትም በየወቅቱ ጠይቆ መነሳት ያስፈልጋል።

የድሬዳዋ አደጋ ፀሐይዋ ብቻ አይደለችም፤ ከፀሐይዋ ይልቅ ውኃዋ ያሰጋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ ደረቅ አሸዋ የሚመስለው ወንዝ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ነው የመጣው። ለጡረታ ቤት የሚፈልግ ሰው ርካሽ ብሎ ወንዝ ዳር መከራየት የለበትም። ሁለተኛው ውኃ በበርሜልና በሮቶ የሚጠራቀመው ነው፤ ትንኝ ይራባበታል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት ከተማዋን በሺዎች አሳመመ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። ቁርጥማቱን ሽሽት የወረደ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ ቺኩንጉንያ የሚታወቀው በመገጣጠሚያ ሕመሙ ነው፣ በአዛውንት ላይ ደግሞ ለወራት ይቆያል። በ2014 ዓ.ም. ወባም ባልተለመደ ሁኔታ በደረቁ ወቅት ተነሳች፤ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከ2,400 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ተመራማሪዎች ያገኙት ምክንያት አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ከእስያ የመጣች፣ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ የታየች ትንኝ ናት። እንደ አገሬው ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ ከተማ ውስጥ ክዳን ያጣ በርሜል ይበቃታል። ዕድሜውን ጀሞና መካኒሳ የኖረ ሰው ደሙ ወባን አያውቃትም፤ ቢያዝ የሚታመመው እንደ ሕፃን ነው። ቤት ሲመረጥ የውኃ ማጠራቀሚያው ክዳን፣ የመስኮቱ ወንፊት፣ የአልጋው አጎበር ከሳሎኑ ስፋት በፊት መታየት ያለባቸው ለዚህ ነው። ትኩሳት ሲነሳ «ጉንፋን ነው» ብሎ ሁለት ቀን መጠበቅም የአዲስ አበባ ልማድ ነው፤ እዚያ በዚያው ቀን ደም ማስመርመር ያስፈልጋል።

ስለ ሙቀቱ ራሱ አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። ሰውነት የሚበርደው በላብ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የላብ እጢዎች ይደክማሉ፣ የጥም ስሜትም ይቀንሳል። ሽማግሌው «አልጠማኝም» የሚለው እውነቱን ነው፤ ኩላሊቱ ግን እየደረቀ ነው። ለደም ግፊት የሚሰጠው የሚያሸና ክኒን ደግሞ ውኃውንና ጨውን ይበልጥ ያሟጥጥበታል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ያልተከፈተ ጠርሙሱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቆየት አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ አያድነውም፣ እርጥብ አሸዋ የያዘ የሸክላ ማሰሮ ግን የተጀመረውን ጠርሙስ ከክፍሉ ሙቀት ዝቅ አድርጎ ያቆያል። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ሌሊቱ ነው። ቀኑ 35 ሆኖ ሌሊቱ ወደ 20 ቢወርድ ልብ ያርፋል፤ ሌሊቱም ሳይበርድ ሲቀር ድካሙ በየቀኑ ይደራረባል። ቆርቆሮው በቀጥታ ራስ ላይ ያለ፣ ኮርኒስ የሌለው ቤት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ያወርደዋል። ቤት ማየት የሚገባው በጠዋት አይደለም፤ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብቶ መቀመጥ፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ማደር ነው።

ሀብታሞቹ አገሮች ይህን መንገድ ከእኛ በፊት ሄደውበታል። በአሜሪካ አሪዞና በረሃ ላይ ሰን ሲቲ የተባለች፣ ለጡረተኞች ብቻ የታሰበች ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 1960 ተከፈተች፤ በረዶ የሰለቻቸው በሺዎች ጎረፉ። ዛሬም በላስ ቬጋስ ታክሲ ሲነዱና በሆቴሎች ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ጡረታቸውን እዚያው በረሃ ውስጥ ሊያሳልፉ ያስባሉ፤ ኔቫዳ የግል ገቢ ግብር አትጥልም፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም እንጀራ ቤቱም ቅርብ ነው። ያ ሁሉ ኑሮ ግን የቆመው በኤሲ ላይ ነው። ሰን ሲቲ ባለችበት በማሪኮፓ አውራጃ በ2023 የፈረንጆች ዓመት 645 ሰዎች ከሙቀት ጋር በተያያዘ ሞተዋል፤ ቤት ውስጥ ከሞቱት አብዛኞቹ ኤሲ ነበራቸው፣ ማሽኑ ግን አይሠራም ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ሙቀት ወደ 15,000 ሰው አጥታለች፤ ብዙዎቹ አዛውንቶች ነበሩ፣ ልጆቻቸው ለዕረፍት ሄደው ብቻቸውን የቀሩ። ሰው የሚሞትበት ሙቀት ከሁሉ በፊት የሚያገኘው በሩን የሚያንኳኳ የሌለውን ነው።

በእኛ ዘንድ በር የሚያንኳኳው ዕድር ነው። የመካኒሳ ጡረተኛ ለሠላሳ ዓመት ወርኃዊ መዋጮ ከፍሏል፣ ለስንቱ ድንኳን ተክሏል፣ ለስንቱ አልቅሷል። ድሬዳዋ ሲወርድ ይህን ሁሉ ጥሎ ነው። አንዳንዶች መዋጮውን ከሩቅ እየላኩ አባልነታቸውን ያቆያሉ፤ ይህ የቀብሩን ነገር ያስተካክል ይሆናል፣ የሕይወቱን ግን አያስተካክልም። «ጋሼ ዛሬ አልወጡም፣ ምን ሆኑ?» የሚል ጎረቤት በመዋጮ አይላክም። ስለዚህ ወርዶ የሚኖር ሰው በመጀመሪያው ወር ማድረግ ያለበት ነገር ቬንትሌተር መግዛት ሳይሆን የሰፈሩ ዕድር ውስጥ መመዝገብ ነው። ለዚህ ድሬዳዋ ታመቻለች፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው ተቀላቅሎ የሚኖርባት፣ መጤን በማቅረብ የታወቀች ከተማ ናት። ብቻውን የሚኖር፣ የትዳር ጓደኛ የሞተበት አዛውንት ግን ከልጁ ቤት አጠገብ ብርድ ቢሆንም እንኳ ቢቀመጥ ይሻለዋል እላለሁ። ይህን ስናገር ብዙዎች እንደማይወዱት አውቃለሁ።

መንግሥትም ሰው በስተርጅና ቦታ ሊቀይር እንደሚችል ያሰበ አይመስልም። የጡረታ አበል በባንክ ስለሚገባ የትም ሆኖ ይወጣል፤ ይህ መልካም ነው። ጤናው ግን ከአድራሻ ጋር ታስሯል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የተዋቀረው በነዋሪነት ወረዳ ላይ ነው፤ ነዋሪነት ለመቀየር ከወረዳው መሸኛ ማውጣት ያስፈልጋል፤ መሸኛ ያወጣ ሰው ደግሞ የጀሞ ቤቱን ጉዳይ ከሩቅ ማስፈጸም ይቸግረዋል። ብዙዎች በዚህ ፍርሃት መታወቂያቸውን አዲስ አበባ ትተው ይወርዳሉ፤ ሲታመሙም ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ጡረተኞችን ጭምር ይሸፍናል የተባለው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ትግበራው ስንት ጊዜ ተላለፈ። ያ አዋጅ ሥራ ላይ ቢውል፣ ካርዱም በአገሪቱ ሁሉ ሆስፒታል ቢሠራ፣ ከከተሞቹ ንጽጽር ሁሉ የበለጠ ለጡረተኛው ይጠቅመው ነበር።

ለመውረድ የቆረጠ ሰው የሚሠራው ስሕተት በጥር ሄዶ ማየት ነው። በጥር ድሬዳዋ ገነት ናት፤ ጀሞ ላይ ሌሊቱ ሲቆረፍድ እዚያ በሸሚዝ ይታደራል። መታየት ያለባት በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ቢያንስ ለአንድ ወር፣ ሆቴል ሳይሆን ተከራይቶ፣ ገበያ ራስ ወጥቶ፣ ክኒኑን እዚያው ሐኪም አይቶት። ይህ ሙከራ የጀሞው ቤት ከመከራየቱ በፊት መሆን አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ይደነግጋል፤ ቤቱን አከራይቶ የወረደና ሙቀቱ ያልተስማማው ሰው በሁለተኛው ወር «ቤቴን ልቀቅልኝ» ማለት አይችልም። ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይሞክሩት፤ ለእሱ ሳንባ የተስማማው ለእሷ ኩላሊት ላይስማማ ይችላል።

ሙከራውን አድርገው ከሚመለሱት መካከል የሚፈልጉት ቆላ ሳይሆን ግራውንድ እንደነበረ የሚያውቁ አሉ። በጀሞ ብሎኮች ምድር ላይ ያሉ ቤቶች ውስጥ ደረጃ የማይከብዳቸው ወጣት ተከራዮች ይኖራሉ፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ስልሳ አምስት ዓመት የሞላቸው ባለቤቶች። የክፍለ ከተማው የቤቶች ጽሕፈት ቤት አዛውንቶች በፈቃድ ፎቅ የሚለዋወጡበትን ቀላል አሠራር፣ ያለ ብዙ ክፍያና ያለ ዓመት ምልልስ፣ ቢዘረጋ ወጪው ከወረቀት አያልፍም። ሳንባቸው የታመመ ይውረዱ፤ ባቡሩም አለ። ጉልበታቸው የታመመ ግን ከነዕድራቸው እዚያው ብሎክ ግቢ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ መሞቅ ይችሉ ነበር።